ላልተደገሰ ሰርግ የተሸጠ ቀለም

እሁድ ማታ የጥሩወርቅ አያሌው ሱቅ ሱቅነቱን ይረሳል። መርሳ ከተማ ውስጥ ስኳር ያለቀበት ሰው እስከ ሰኞ ጠዋት ይታገሣታል እንጂ በዚያ ሰዓት «ሽጪልኝ» ብሎ አይደፍርም። ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። የሚጠበቀው «ዱካ» ነው። «ዱካ» ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተደበቀ ነገር ሲጎለጉል የኖረ ፕሮግራም ነው፤ ተመርቆ ሳይሻገሩበት የፈረሰ ድልድይ፣ ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የተሸጠ ቤት፣ ምኑ ቅጡ። አገር ሁሉ ያየዋል፤ መርሳ ግን ከአገር ሁሉ ለየት አድርጋ ታየዋለች። ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ሲገባ፣ ከታች ወደ ላይ ከሚወጡት ስሞች መሀል «አዘጋጅ፦ ራሄል ካሳዬ» የሚል አለበት። ራሄል የጥሩወርቅ ልጅ ናት።

ስሙ ብቅ ሲል ቤቱ ይናጋል። «ካሳዬ ኮራ» ይላል አንዱ። «ካሳዬ ሞተ ያለው ማነው» ይላል ሌላው። የጥሩወርቅ ጎረቤት ጋሼ አብዱልሐሊም፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊና ያልወጡ ቀልደኛ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለቴሌቪዥኑ ሰላምታ ይሰጣሉ።

ካሳዬ ከወልድያ መቀሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጁ ገና ዳዴ ስትል ወባ ወሰደው። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ይሁን እንጂ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ራሄልን ታቅፎ ወልድያ ሆስፒታል ደጃፍ ያደረው እሱ አይደለም። ሻማና ክብሪት ቸርችሮ ዩኒቨርሲቲ የላካትም እሱ አይደለም። ጥሩወርቅ በየእሁዱ ከሰው ጋር እየሳቀች ሆዷ ግን ትንሽ ይቆጣል፤ የኔስ ስም የት ገባ ይላታል። ከዚያ ደግሞ ራሷን ትገሥጻለች። የአገሩ ደንብ ነው፤ ልጅ በአባቷ ትጠራለች፤ የእናት ስም ከልጇ ስም ጋር አንድ መስመር ላይ አይቀመጥም። ታዲያ ደንብ መሆኑን ማወቅ ቅናትን አያስቀርም።

ይህ ታሪክ የጀመረው ሚሊኒየሙ ሊገባ መንፈቅ ሲቀረው፣ በዐቢይ ጾም ነው። አቶ ጌትነት የተባለ፣ በከተማው የታወቀ እህል ነጋዴ፣ በዚያ ዓመት ምርጥ ዘር የማከፋፈል ፈቃድ አውጥቶ ነበር። አንድ ቀን ራሱ በእግሩ ወደ ጥሩወርቅ ሱቅ መጣና የስፌት ቀለም ጠየቀ፤ አክርማ የሚነከርበትን፣ ሴቶች ለመሶብና ለሰፌድ አለላ የሚያወጡበትን ማለት ነው።

«የቱን ልስጥዎ?» አለችው። «አረንጓዴ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ።»

«ቀዩን ብቻ። ያለውን ሁሉ አምጪው። ካለቀም ከወልድያ አስመጪልኝ።»

አስመጣችለት፤ ያንንም ወሰደ። ጥሩወርቅ ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ ነገሩን አሰበችው። ስንት ዘመን ስኳር እንኳ ሊገዛ ሱቋን ረግጦ የማያውቅ ወንድ፣ በጾም፣ ይህን ሁሉ ቀይ ቀለም ይገዛል። ይህን አይታ ምክንያቱን የማታውቅ ሴት መርሳ ውስጥ አልተወለደችም። ለሙሽራ መሶብ ሊሰፋ ነው። አቶ ጌትነት ልጁን ማርታን ከፋሲካ በኋላ ሊድር ነው።

ፋሲካ ሆነ፤ የሰርግ ጥሪ አልመጣም። ጥሩወርቅ ሰው ናትና ቅር ቢላትም ቂም አልያዘችም። ረስተውኝ ነው ብላ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ድፎ ዳቦ በነጠላዋ ሸፍና እነ አቶ ጌትነት ቤት ሄደች። የጌትነት ሚስት ወይዘሮ ሮማን በር ላይ ተቀበለቻት።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሮማንዬ።»

«አብረን ደስ ይበለን። በምን?»

«በማርታ ነዋ። ልትድሯት አይደል?»

በዚሁ መሀል ማርታ ራሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን እያንጠለጠለች ከውስጥ ወጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት። የሮማን ፊት ተለዋወጠ።

«ይቺን ሕፃን? ማነው እንዲህ ብሎ ያስወራብኝ?»

«ኧረ ማንም አላለም። ባልሽ ቀዩን ቀለም በሙሉ ሲወስድ ጊዜ፣ ለመሶብ ነው ብዬ…»

«የምን ቀለም? እቤቴ አንዲት ጭብጥ ቀለም አልገባም።»

ጥሩወርቅ ድፎ ዳቦዋን እንደታቀፈች ተመለሰች። ሮማን ግን እዚያ ላይ አልተወችውም። ነገሩ አንገብግቧት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነገረች፣ ገበያ ነገረች፣ ወፍጮ ቤት ነገረች፤ «ጥሩወርቅ እኮ ቀለም ቆጥራ ልጄን ዳረችብኝ» እያለች። ከተማው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ አብዱልሐሊም በየቀኑ በሱቁ ሲያልፉ ቆም ይላሉ። «ጥሩወርቅ፣ እስቲ የኔንም ጎረምሳ ዳሪልኝ፤ እኔ ብለው ብለው እምቢ ብሎኛል።» ጥሩወርቅ ሳቁን ከላይ ትስቃለች፣ ከውስጥ ታርራለች። ሁለተኛ ለማንም እንኳን ደስ አለህ ላትል ማለች።

መሐላዋ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። ሚያዝያ ሊወጣ ሲል ሲራጅ መጣ፤ ከመርሳ በታች ያለ ማሽላ አራሽ ነው፣ የዱሮ ደንበኛዋ። ጨው ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ መዳፉ እስከ አንጓው ደም መስሏል። ጥሩወርቅ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሲራጅ ገባውና ሳቀ። «ሰርግ የለም፣ እት ጥሩወርቅ። ሂና የሞቅሁ መስዬሽ ነው አይደል? ዘር ነው። የጌትነትን ምርጥ ዘር ስዘራ ውዬ ነው። ወላሂ ብታጠበው ብታጠበው አልለቅ አለኝ።»

ምርጥ ዘር ነቀዝ እንዳይበላው በቀይ መድኃኒት እንደሚታሽ ሁሉም ያውቃል። ግን ያ በውሃ ይለቃል። እጅ ላይ እንዲህ ሙጭጭ የሚለውን ቀይ ጥሩወርቅ ታውቀዋለች፤ አለላ ነክራ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ጨውን ሰጥታው ተቀመጠች። የሸጠችው ቀለም የገባው መሶብ ውስጥ አልነበረም።

ማሽላው አልበቀለም። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፤ የሲራጅ ማሳ እንደተላጨ ራስ ባዶውን ቀረ። የጎረቤቶቹም እንዲሁ። አቶ ጌትነት «ዘሩን አያያዝ ባታውቁበት ነው» አላቸው፤ ለሐምሌ የሚዘራውን ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ሞልቶ መጠበቅ ጀመረ። ገበሬው ካለዚያ ሌላ ዘር የሚያገኝበት አልነበረም። ያንንም ዘርቶ ካልበቀለለት ክረምቱ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ ማለት ነው። ጥሩወርቅ የሱቋን ስልክ አንሥታ አዲስ አበባ ደወለች። ለልጇ ለወሬ ካልሆነ በቀር ለሥራ ደውላላት አታውቅም ነበር።

ራሄል ካሜራማኑን አቤልን ይዛ በሰኔ መጀመሪያ ደረሰች። እናቷን አቅፋ ከሳመች በኋላ ቁጭ ብላ እንኳ ቁርስ አልቀመሰችም፤ ጥሩወርቅ ልጇ በቴሌቪዥን የምትታየው ሴት መሆኗ ያኔ ገባት። የወረዳው ሰዎች «ፈቃዳችሁስ» አሉ፤ ማኅተም ያለበትን ዘርግታ አሳየቻቸው። ማሳ ወርዳ ሲራጅን አነጋገረች። ከዘሩ ጥቂት ዘግና ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ያሉ ተመራማሪዎች እንዲፈትሹላት ሰጠች። ጌትነትን ራሱን መጋዘኑ በር ላይ አቁማ ጠየቀችው። እሱም ኮቱን አስተካክሎ፣ «እኔ በሕይወቴ ቀለም የሚባል ነገር ገዝቼ አላውቅም» አለ፤ በካሜራ ፊት፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ማታ ሱቁ ተዘግቶ ሦስቱም እራት ሲበሉ ራሄል ጉርሻዋን ትታ ማስታወሻዋን ማገላበጥ ጀመረች። ጥሩወርቅ ምን ጎደለሽ ብላ ጠየቀቻት።

«የጎደለኝ አንድ ነገር ነው፣ እማዬ። ቀለሙን መግዛቱን የሚናገር ሰው።»

«ታዲያ እኔ አለሁልሽ።»

«አንቺ እናቴ ነሽ። የራሷን እናት ምስክር አድርጋ አመጣች ከተባለ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ።»

አቤል ጉርሻውን ውጦ ተናገረ። «ማን ያውቃል? እሳቸው ጥሩወርቅ አያሌው ናቸው፣ አንቺ ራሄል ካሳዬ። ስማችሁ አይገናኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው በምን ያውቃል?»

ጥሩወርቅን የአቤል ነገር ልቧን መታት። ዕድሜ ልኳን ሲያስቆጫት የኖረው የስም ነገር አሁን ለልጇ መሸሸጊያ ሊሆን ነው። «እሱ እውነቱን ነው» አለች። «ላንድ ቀን እናትሽ አልሁን። የማላውቅሽ ባለ ሱቅ ልሁን።»

በማግስቱ ባንኮኒዋ ኋላ አቆሟት። ራሄል ማይኩን ይዛ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቀለሙን የገዙት ሰው ማን ነበሩ?» ብላ በ«እርስዎ» ጠየቀቻት። ጥሩወርቅ ከዚያች አፍ «እርስዎ» ስትባል ሳቋ ሊያመልጣት ሆነ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ይኸውልሽ ልጄ» ብላ ደነገጠች። አቤል ከካሜራው ኋላ እጁን አወዛወዘላት። «ይቀጥሉ እትዬ፣ ‹ልጄ› ያላለን የለም፤ ይሄ ምንም አያስነቃ።»

ከሰዓት በኋላውን ራሄል ገበያ ዳር ከእነ ፀሐይ ጋር ተቀምጣ ስትሳሳቅ ዋለች። ፀሐይ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ያን የሰርግ ቀልድ እንደ እሷ አሳምሮ የሚያወራ አልነበረም። ጥሩወርቅ በሩቁ ካሜራው ሴቶቹ ላይ ተደግኖ ሁሉም ሲንከተከቱ አየች። የወለድኋት ልጅ የኔን ውርደት ልትቀርጽ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣች ብላ ተከፋች፤ ሲሸኛኙም ያን ቅሬታ አልደበቀችም። ራሄል ሳቅ ብላ ጉንጯን ሳመቻትና መኪና ውስጥ ገባች።

ፕሮግራሙ የሚተላለፍበት እሁድ ሲቃረብ ጌትነት ወደ ጥሩወርቅ ሱቅ መጣ። ይህን ጊዜ ምንም አልገዛም። ባንኮኒውን በጣቱ እየጠረገ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ልጅሽ ጎበዝ ናት። ለስሟ አስቢላት እንጂ። አንቺ እዚያ ውስጥ ከታየሽ እኔ በማግስቱ አዲስ አበባ ነኝ። ‹እናቷን ባለ ሱቅ ብላ አስመሰከረች› እላለሁ፤ መርሳ ሙሉ ምስክሬ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የተካበ ፕሮግራም ባንቺ ይናዳል።»

ሲወጣ ጥሩወርቅ የስልኩን እጀታ ያዘች። ልጅ ያሳደገችው ለዚህ አልነበረም፤ የልጇን ስም በገዛ ምላሷ ልታጠፋ አይደለም።

«ራሄል፣ አውጪኝ። ከፕሮግራሙ አውጪኝ። እኔ የለሁበትም።»

«አንቺን ካወጣሁሽ ሲራጅን ምን ልበለው?»

የሲራጅ ቀይ እጅ ጥሩወርቅ ፊት ድቅን አለ።

«እሁድ ቁጭ ብለሽ እይው፣ እማዬ» አለች ራሄል። «ሌላ ምንም አታድርጊ።»

እሁድ ማታ ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሲራጅ ከነጎረቤቶቹ መጣ፤ ጋሼ አብዱልሐሊም ከፊት ተቀመጡ፤ ፀሐይ «ዛሬ እኔም አለሁበት መሰለኝ» እያለች ነጠላዋን አሳምራ ለበሰች። ጥሩወርቅ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ቀረች፤ ብትቀመጥ የምትነሣ አልመሰላትም።

«ዱካ» ጀመረ። ባዶው ማሳ ታየ። ሲራጅ ስለ እጁ ሲያወራ አግዳሚው ላይ ያሉት ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት። የሲሪንቃው ተመራማሪ አንድ ሳህን አሳየ፤ ዘሩ ያረጀ የገበያ እህል ነው፣ የተቀባውም የስፌት ቀለም እንጂ የዘር መድኃኒት አይደለም አለ። ጌትነት ኮቱን አስተካክሎ «በሕይወቴ ቀለም ገዝቼ አላውቅም» አለ። ቀጥሎ ጥሩወርቅ መጣች። ያቺ ሱቅ፣ ያ ባንኮኒ፣ ያ «ይኸውልሽ ልጄ»። ሁሉም ያውቃታል፤ ሁሉም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ፈርቷል።

የጥሩወርቅ ምስል ጠፋና ራሄል ብቻዋን ካሜራው ፊት ቆመች።

«አሁን የተናገሩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ አያሌው» አለች፣ «የእኔ፣ የዚህ ፕሮግራም አዘጋጅ፣ እናት ናቸው። ወልደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስማችን አይመሳሰልምና ባልናገር ላታውቁ ትችሉ ነበር። ግን ‹ዱካ› የሰው ሽሽግ ሲያወጣ ኖሮ የራሱን አይሸሽግም። ስለዚህ የእናቴን ቃል እመኑ አልላችሁም። ይልቅ መርሳ ከተማ ስለ እናቴ የሚቀለደውን ቀልድ ስሙ።»

ፀሐይ በሽንኩርቷ መሀል ብቅ አለች። ሳቋ ቀደማት። «በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ነው» አለች፣ «ሮማን ራሷ ናት የነገረችን። ‹ጥሩወርቅ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ባልሽ ቀዩን ቀለም በሙሉ ወስዷልና ማርታን ልትድሪ ነው አለችኝ› ብላ። ይኸው እስከ ዛሬ እንስቃለን።» ከእሷ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት ያለች ሴት፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ሁሉም እየሳቁ፣ ሁሉም ያንኑ።

የራሄል ድምፅ ተመለሰ። «ይህ ቀልድ መርሳን ያሳቀው ገበሬው ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ነው። ያን ጊዜ ዘሩ እንደማይበቅል ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ይህን ለኔ ብላ አልፈጠረችውም። ከተማው ሁሉ ሲስቅባት ነው የሰነበተው።»

ፀሐይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ወይ ጉድ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስስቅ የነበረው እየመሰከርሁ ነው ለካ።» ጥሩወርቅ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ዕንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። በሰው ፊት፣ በአገር ፊት፣ ስሟ ከልጇ ስም ጋር ተጠርቷል፤ ያ ያንገበገባት ድፎ ዳቦም ክብሯ ሆኖ ተመልሷል። ኮራች። እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ጌትነት አዲስ አበባ ሄዶ የሚናገረው ነገር አልቀረለትም። በዚያው ሳምንት ከወልድያ ሰዎች መጥተው መጋዘኑን አሸጉ፤ ለገበሬውም እውነተኛ ዘር አምጥተው የሐምሌው መዝሪያ ሳያልፍ አደረሱለት። ሮማንም እያፈረች መጥታ ጥሩወርቅን ይቅርታ ጠየቀች፣ ድፎ ዳቦ ይዛ። ያ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያ ማታ ሙዚቃው ገባ፣ ስሞቹም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።

ጋሼ አብዱልሐሊም ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ባንኮኒው አዞሩ። «የጥሩወርቅ ልጅ» አሉ። «የጥሩወርቅ ልጅ» አለ ሲራጅም፣ «አላህ እናትና ልጅ አያለያያችሁ።» ቤቱ ተቀበለው። ስንት ዓመት የጓጓችለት ቃል ከየአፉ ሲወጣ ጥሩወርቅ ቆማ ሰማችው።

ቴሌቪዥኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ራሄል ካሳዬ» ወጥቶ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ማንም አላየውም።

ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ምነው እናንተ» አለች፣ «ካሳዬን ዝም ትሉታላችሁ? ስሙ እኮ እያለፈ ነው።»